ውሃው አሳለፈህ?

ፀሐይ ከአሸዋው ኮረብታ ጀርባ ገባ ልትል ስትል ነው ያቺ የበረሃ ከተማ ነፍስ የምትዘራው። በቀትር የደረሰ መንገደኛ ሰው የለባትም ብሎ ያልፋት ይሆናል። ውሻው በግድግዳ ጥላ፣ ሾፌሩ በመኪናው ሥር፣ ሊዝናና የመጣው እንግዳ በሆቴል ክፍሉ ተዘርሮ ሙቀቱ እስኪያልፍ ይጠብቃል። አመሻሹ ላይ ግን ከፍል ውሃው ወገን ቀለል ያለ ነፋስ ሲነሳ መስኮቱ ሁሉ ይከፈታል፤ በየግቢው አምፖል ይበራል፤ የሚጠበስ ዓሣ ሽታ ከሴቶቹ ሽቶ ጋር ይደባለቃል፤ ከየመድረኩም "አንድ፣ ሁለት… አንድ፣ ሁለት" የሚል የማይክሮፎን መፈተሻ ይሰማል።

ከዚያ ሁሉ ምግብ ቤት ሰው ወንበር የሚሻማው እማማ ቤት ነበር። እማማ ከተማዋ ገና ከተማ ሳትሆን፣ መንገድ ብቻ ሳለች፣ ልጃቸውን በጀርባቸው አዝለው በሸራ ጥላ ሥር ለጭነት መኪና ሾፌሮች ቀዝቃዛ ውሃና ሻይ ይሸጡ የነበሩ ሴት ናቸው። ፍል ውሃው ለወገብና ለመገጣጠሚያ ይበጃል ተብሎ ሆቴሉ እንደ አሸን ሲፈላ፣ ሸራዋ ቤት ሆነች፤ ቤቷም ዘንባባ የተተከለበትና መድረክ ያለው ሰፊ ግቢ ወለደች።

ቤቱን የምታስተዳድረው ምራታቸው ናት። ነፋሴ ይሏታል። እናትና አባቷን በልጅነቷ አጥታ አክስቷ ዘንድ ያደገች ናት። አስተናጋጅ ሆና በተቀጠረች ሰሞን የአሸዋ ማዕበል ተነስቶ ሌሎቹ ልጆች ጠረጴዛ ሥር ሲደበቁ፣ እሷ ፊቷን በሻሽ ሸፍና እየሳቀች የጠረጴዛ ልብሱን ትሰበስብ ነበር። እማማ አይተው "ይህቺስ ነፋሴ ናት" አሉ። "ነፍሴ ናት" ነው ያሉት የሚሉም አልጠፉም። ነፋሴም ይሁን ነፍሴ፣ ስሙ በዚያው ጸና። አንድያ ልጃቸው ሲወዳትም እማማ አልጮሁም፣ ዘር አልቆጠሩም። "ልጄ ዓይን አለው" ብለው ሠርጉን ደገሱ።

ትዳሩ ግን ዕድሜ አላገኘም። ባሏ ዓሣ ሊያመጣ ወደ ወደቡ ወርዶ ሲመለስ፣ በከተማዋ ሰማይ አንዲት ደመና ባልታየችበት ቀን፣ ሩቅ ተራራ ላይ የጣለ ዝናብ በደረቁ ወንዝ ተንደርድሮ መጥቶ መኪናውን ጠራርጎ ወሰደው። በበረሃ ሰው በጥም ይሞታል ይባላል እንጂ ውሃ ይበላዋል ብሎ ማን ያስባል? አስከሬኑ እስኪገኝ ድረስ እማማ ከአስፋልቱ ዳር አልነቃነቅ ብለው ቆሙ። "ማዶ ቆሞ ነው፤ ውሃው ሲጎድል ይሻገራል" ይሉ ነበር ለመጣው ሁሉ። አልተሻገረም። ሲቀበርም የመጀመሪያውን አፈር ያለበሱት እሳቸው ናቸው።

ለቀስተኛው ተበትኖ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ እማማ ምራታቸውን አጠገባቸው አስቀመጧት።

"ልጅ ነሽ፤ ሰውም ነሽ። አታግቢ አልልሽም። ግን ዓይኔ እያየ አይሁን።"

"አይሆንም፣ እማማ" አለች ነፋሴ። ከልቧ ነበር ያለችው። ልቧ አብሮ የተቀበረ መስሏት ነበርና፣ በሞተ ልብ ቃል መግባት ምን ይከብዳል?

* * *

ጊታሪስቱ የመጣው እንግዳ በሚበዛበት በቀዝቃዛው ወራት መግቢያ ላይ ነው፤ ከአንድ ድራመርና ከአንድ ኪቦርድ ተጫዋች ጋር። ቀጠን ያለ፣ ዝምታ የሚያበዛ ሰው ነበር። ሲዘፍን ግን ሹካ በአየር ላይ ይቀራል። ዋናው ምግብ አብሳይ፣ ጢማሙ ሰውዬ፣ "ይሄ ልጅ አፉን ሲከፍት ሰው አፉን ይዘጋል፤ ማን ሊበላልን ነው?" እያለ ያማርር ነበር።

ከወጥ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት ባለችው የጥግ ጠረጴዛ ዘወትር አንዲት ሐር ለባሽ እመቤት ትቀመጣለች፤ ለፍል ውሃው መጥታ የከረመች ሀብታም። ጊታሪስቱ ቀስ ያለውን ዘፈን ሲጀምር ዓይኑ ወደዚያች ጠረጴዛ ይሄድና እዚያው ይቀራል። ነፋሴ ከሴትዮዋ ጀርባ፣ ምግብ በሚወጣበት መስኮት አጠገብ ቆማ ታያለች። ለሷ ነው የሚዘፍነው ትላለች በልቧ። ምን አገባኝ ትላለች ደግሞ። ምን አገባኝ ያለ ሰው ግን የሎሚ ጭማቂ ለጠየቀ ሾርባ አይወስድም፤ እሷ በዚያ ሰሞን ወሰደች።

በመጨረሻ መላ ዘየደች። ደግነት አስመስላ፣ "እመቤቴ፣ ወደ መድረኩ ጠጋ ቢሉ ሙዚቃው ይሻልዎታል" ብላ ሴትዮዋን ፊት ለፊቱ አስቀመጠቻት። እንደፈለጉ ይተያዩና ይውጣላቸው የሚል እልህ ነበር። በዚያ ምሽት ዘፈኑ ሲጀመር እመቤቲቱ አፍንጫው ሥር ነበረች። የጊታሪስቱ ዓይን ግን እሷን አልፎ፣ ባዶዋን የጥግ ወንበር አልፎ፣ እንደ ወትሮው መስኮቱ ጋ መጥቶ ቆመ።

ነፋሴ ሌላ ሰው ካለ ብላ ወደ ኋላዋ ዞረች። ከኋላዋ ያለው ጢማሙ ምግብ አብሳይ ብቻ ነበር፤ ላብ በላብ ሆኖ።

"እኔን እንዳይመስልሽ" አላት፤ "ይልቅ ሾርባውን ውሰጂ፣ በረደ።"

ሾርባውን አነሳች። ተቀብሯል ያለችው ልብ ደረቷን ይደበድበው ነበር። ደስታ ነው እንዳትል ፍርሃት ነበረበት፤ ፍርሃት ነው እንዳትል ደግሞ ፈገግታዋ አልቆም ብሏታል።

* * *

ፍቅራቸው ያደገው በምሽት ሙዚቃ ሳይሆን በጠዋት ሻይ ነው። አትክልተኛው ዘንባባዎቹን አጠጥቶ፣ ሠራተኛውም ቁርሱን በልቶ ሲበተን፣ ሁለቱ እርጥቡ ጠጠር ላይ ወንበር አስጠግተው ይቀመጣሉ። እናቱ እሱን ስትወልድ እንደሞተች፣ ባሕር ዳር ባለች ከተማ ሬዲዮ በሚጠግን አባት እጅ እንዳደገ ነገራት። በሕይወቱ "ልጄ" ብላ የጠራችው ሴት እንደሌለችም እንደ ቀልድ ጣል አደረገላት፤ እሷ ግን መሳቅ አቃታት። እሷም ስለ ባሏ፣ ስለ ጎርፉ፣ ለእማማ ስለገባችው ቃል አንዳች ሳትደብቅ አጫወተችው። እሱም፣ ቃሉን የገባሽው ለኔ ቢሆን ኖሮ እንድታፈርሺው አልፈልግም ነበር አላት። ከዚያ ወዲያ ነው ነፋሴ ጨርሳ የተሸነፈችለት።

ከግቢው በላይ የእማማ መኝታ ቤት መስኮት ይታያል። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ሙዚቃ ሲጀመር ያ መስኮት ይዘጋል። ቤቱ የሚኖረው በሙዚቃው ስለሆነ አይከለክሉም፤ ግን አይሰሙም።

ጊታሪስቱ በመጣበት ዓመት ነው መርሳት የጀመራቸው። መጀመሪያ ሾርባውን ሁለት ጊዜ ጨው ጨመሩበት፤ ሳቁ፤ ሁሉም ሳቀ። ቆይቶ የሞቱ ሰዎችን እየጠሩ ያዟቸው ጀመር። በኋላ ደግሞ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከደረጃው ወርደው "አልመጣም እንዴ?" ማለት አመጡ። ማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። ቆመው የቀበሩትን፣ በእጃቸው አፈር ያለበሱትን ልጅ ነው። ነፋሴ ወደ ትልቅ ከተማ ወስዳ ብታሳክማቸው፣ ሐኪሙ "የሚሉትን አትቃወሟቸው" ከማለት ሌላ መድኃኒት አልነበረውም። ባረፉበት ሆቴልም "ቤቴን መልሱልኝ፣ ደጄን መልሱልኝ" እያሉ ሲጮሁ አድረው፣ ነፋሴ አብራ እያለቀሰች መለሰቻቸው። ከዚያ ወዲህ አልጋቸውን እንኳ ከቦታው ፈቀቅ ለማድረግ የደፈረ የለም።

የሙቀቱ ወራት ሲቃረብ እንግዳው መሳሳት ጀመረ። ጊታሪስቱና ጓደኞቹ ሩቅ ባሕር ዳር ካለ ሆቴል የረጅም ጊዜ ሥራ አገኙ። ሁለቱም ጓደኞቹ ቤተሰብ አስተዳዳሪ ስለሆኑ፣ ያለ እሱ ደግሞ ማንም ስለማይቀጥራቸው፣ እምቢ የሚልበት አንደበት አልነበረውም። አብረሽኝ ነይ አላት። እማማንም ይዘን እንሂድ አላት። ነፋሴ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። አልጋቸው ፈቀቅ ሲል የሚጠፉትን ሴት እስከዚያ ባሕር ድረስ?

"እንግዲያው እኔው ራሴ ልንገራቸው" አለ በመጨረሻ። "እንደ ሌባ ወጥቼ አልሄድም። ይስደቡኝ፤ ግን እንደ ሰው ፊታቸው ቆሜ ልጠይቃቸው።"

ከለከለችው። ደግሞ ለመናት። እሺ ያለችው ተስፋ ኖሯት አልነበረም። መደበቅ ስለደከማት ነው፤ ሰው ሲደክመው ለገደልም እሺ ይላል።

* * *

ባንዱ ለመጨረሻ ጊዜ በሚጫወትበት አመሻሽ ግቢው በግማሽ ብቻ ሞልቶ ነበር። የመጀመሪያው ዘፈን ሲጀመር ነፋሴ እንደ ልማዷ ወደ ላይ አየች። መስኮቱ አልተዘጋም። ጥቂት ቆይቶ የደረጃው በር ተከፈተና እማማ ወጡ፤ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ማንም ሳይደግፋቸው። ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ደርቆ ቀረ። የጥጓ ጠረጴዛ ጋ ሄደው ተቀመጡና እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ዘፈኑን ይሰሙ ጀመር።

ነፋሴ አጠገባቸው ተቀመጠች። ፊታቸው እንዲህ ጠርቶ ካየች ከርማለች። ደህና ቀናቸው ነው ብላ አሰበች፤ ደህና ቀናቸው ከሆነ ደግሞ ዛሬ ይሰሟታል፤ ይቆጧታል ወይም ቃሏን ይፈቱላታል።

ጊታሪስቱ ዘፈኑን ጨርሶ ጊታሩን አስቀመጠና በጠረጴዛዎቹ መካከል መጣ። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጣቸውና፣ ያዘጋጀውን ቃል ሊጀምር አፉን ሲከፍት፣ እማማ እጁን ያዙት። በሁለት እጃቸው ነው የያዙት፤ እንዳያመልጥ።

"መጣህ?" አሉት። "ውሃው አሳለፈህ?"

ነፋሴ ምድር የከዳቻት መሰላት። ጊታሪስቱ አንዴ ወደ እሳቸው፣ አንዴ ወደ እሷ ተመለከተ። እሷ አይደለም ብትል ልጃቸውን እንደገና ልትገድልባቸው ነው፤ ነው ብትል ደግሞ…

"ማዶ ቆመህ ሳይህ ነበር" አሉ እማማ። "እኔ ነግሬያቸዋለሁ፤ ሲጎድል ይሻገራል ብዬ። ማን ይስማኝ! ልጄ… የኔ ጌታ… ከሳህ።"

ልጄ የምትለው ቃል ስትወጣ የጊታሪስቱ ፊት እንደ ሕፃን ፊት ሆነ። ነፋሴ ያየችው ያን ነው። ዕድሜውን ሙሉ አንዲት ሴት ትለዋለች ብሎ ሲጠብቃት የኖራት ቃል፣ ለሌላ ሰው ተብላ እጁ ውስጥ ወደቀች። ጉልበቱ ታጠፈና ከወንበራቸው አጠገብ ተንበረከከ።

"ጎደለ፣ እማማ" አለ። "መጣሁ።"

እማማ አላለቀሱም። መንገድ የቆየ ልጅ በሰላም የገባላት እናት እንደምትሆነው ነው የሆኑት፤ ወዲያው ምግብ አዘዙ። ዓሣ መጣ። ጊታሪስቱ ዓሣ ሽታው እንኳ የማይስማማው ሰው ነው፤ ቤቱ ውስጥ ይህን የማያውቅ አልነበረም። እማማ እሾሁን በጣታቸው እየለቀሙ ሳህኑ ላይ አኖሩለት። እሱም ዝም ብሎ በላው፤ አስጨረሱት። ከዚያ የነፋሴን እጅ ጎትተው እጁ ላይ አደረጉት።

"ሚስትህ እንደ ወጣህ ነው ያለችው። ሌላ ሰው ቀና ብላ አላየችም፤ ምስክሯ እኔ ነኝ። እንግዲህ ተቀበለኝ፤ እኔ ደክሞኛል።"

ያቺ የተመኘቻት ሰዓት ናት የመጣችው። እማማ በገዛ እጃቸው እጇን ለሚወዳት ሰው ሰጧት፤ መረቋትም። ነገር ግን የሰጧት ለሞተው ነው፤ የመሰከሩላት ታማኝነትም ከእጇ በታች ባለው ሞቃት እጅ ሐሰት ሆኖ ነበር። እጇን መንጠቅ አልቻለችም፤ መተውም አልቻለችም። ጠረጴዛው ላይ እንደ ባዕድ ዕቃ ሆኖ ቀረ።

* * *

እማማን እንቅልፍ ሲይዛቸው ወደ ክፍላቸው ካስገቧቸው በኋላ፣ ሁለቱ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባዶ ሳጥኖች በተደረደሩበት ጓሮ ተገናኙ። ከግቢው በኩል ኪቦርድ ተጫዋቹ ብቻውን እንግዶቹን ሲያጫውት ይሰማል።

"እቀራለሁ" አለ ጊታሪስቱ። "ሥራውን እተወዋለሁ። ልጄ ይበሉኝ፤ አይከፋኝም። እንዲያውም…"

አልጨረሰውም። ነፋሴ ግን የቀረውን ከዓይኑ ላይ አነበበችው።

"እኔስ ምን ብዬ ልጥራህ?" አለችው።

ከሳጥኖቹ አንዱ ላይ ተቀመጠ።

"እሳቸው ፊት በባሌ ስም ልጠራህ? ነገ ስለ ልጅነትህ ያጫውቱሃል፤ አዎ ትላለህ። የሱን ልብስ አውጥተው ያለብሱሃል፤ ትለብሳለህ፤ አውቅሃለሁ፣ እምቢ አትላቸውም። ከዚያ አንድ ቀን ቀና ብዬ ሳይህ፣ አንተን ከየት አገኝሃለሁ? እኔ የወደድኩት አንተን ነው።"

የወደድኩት ስትለው የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ያ ቃል ያስፈነድቀው ነበር፤ አሁን ግን ሁለቱም ሰምተውት እንደ መርዶ ራሳቸውን ደፉ። ደግሞስ ጓደኞቹን ምን ብሎ ይጥላቸዋል? ልጆች አሏቸው።

እንግዲያው ልሂድና ሙቀቱ ሲያልፍ ልመለስ አላት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

"ተመለስ አልልህም። ቃልም አትግባልኝ። መጠበቅ ሰውን ምን እንደሚያደርገው እዚህ ቤት ውስጥ አይቼዋለሁ።"

ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ፤ እሷም ፈለገች። ግን ከላይ የእማማ መስኮት ክፍት ነበር። እጁ ተዘርግቶ ቆየና፣ ቀስ ብሎ ወደ ጎኑ ተመለሰ።

* * *

በማግስቱ ጠዋት ሚኒባሱ በር ላይ ቆሞ ዕቃ ሲጫን እማማ ወጡ። ሲወጡ ነፋሴ ደነገጠች፤ መሄዱን ሲያዩ ይጮሃሉ ብላ። አልጮሁም። ልጃቸው ሁልጊዜ በጠዋት ለሥራ ይወጣ አልነበረም? የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከሉለት፤ አስፋልቱን በእጃቸው እያሳዩ መንገዱ ደርቋል፣ ዛሬ ምንም የለውም አሉት። ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመና ሚኒባሱን ሊይዝ ዞረ።

"ሚስትህን ሳትሰናበት ነው እንዴ የምትሄደው?" አሉት እማማ።

ዋናው ምግብ አብሳይ መሬት መሬቱን አየ። ድራመሩ ፊቱን አዞረ። ጊታሪስቱ ተመልሶ መጣና ነፋሴን አቀፋት፤ በፀሐይ፣ በሰው መሃል፣ እማማ ዓይናቸው እያየ። ፊቱን አንገቷ ውስጥ ቀብሮ አንድ ነገር አላት፤ ስሟን ብቻ ነበር፤ ነፋሴ ይሁን ነፍሴ አልለየችውም። እማማ ፈገግ ብለው ያዩዋቸዋል። ይህን ያህል የተፈቀደ፣ ይህን ያህል የተከለከለ እቅፍ በዓለም ላይ ይኖር ይሆን?

ከዚያ ሚኒባሱ ሄደ። አቧራው ተነሳ፤ ተመልሶ ተኛ። ሠራተኛው ወደየሥራው ገባ። ሁለቱ ሴቶች ከበሩ ደረጃ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ነፋሴ እንባዋን ለመደበቅ አልደከመችም፤ ባሏን የሸኘች ሴት ብታለቅስ ማን ይጠይቃታል?

"ነፋሴ" አሉ እማማ። ድምፃቸው የድሮው ነበር፤ ያ በሸራ ሥር ሾፌር ሲያዝ የኖረ ጠንካራ ድምፅ። ዞራ አየቻቸው። ዓይናቸው ጥርት ብሏል።

"ያ ሰው ልጄ አይደለም። አይደል?"

ሐኪሙ ያለው ትዝ አላት፤ አትቃወሟቸው ነበር ያለው። እውነቱን ሲጠይቁ ምን እንደሚባል ግን አልነገራትም።

"አይደለም፣ እማማ።"

እማማ ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐዘኑ እንደ አዲስ ሲገባቸው፣ ፊታቸው ላይ ሲወርድ አየችው። ከዚያ እጃቸውን አንስተው እንባዋን በመዳፋቸው ጠረጉላት።

"ታዲያ ለምን ለቀቅሽው?"

ነፋሴ ለእርስዎ ብዬ ልትል ነበር፤ ቃሌን ብዬ ልትል ነበር። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነው፤ ሚኒባሱ ገና ከኮረብታው አላለፈም። አወጣችው። አንድ ቃል ይበቃው ነበር፤ ተመለስ።

"አንቺ ልጅ" አሉ እማማ፣ በቀስታ፣ ወደ አስፋልቱ እያዩ። ዓይናቸው ላይ ያ ጉም ተመልሶ ነበር። "ልጄ ቆየብኝ። መቼ ነው የሚመጣው?"

ጣቷ ስልኩ ላይ ቆመ። ከሁለቱ እማማ የትኛዋን ትስማ? ያቺ ለምን ለቀቅሽው ያለችው አንድ ትንፋሽ ያህል መጥታ ሄዳለች፤ ይህችኛዋ ግን እጇን ይዛለች፤ ትጠብቃለች። ነፋሴ ራሷን የአማቷ ትከሻ ላይ ጣለች። ሁለቱም አንድ መንገድ ማየት ጀመሩ፤ አንዷ የማይመጣውን፣ አንዷ አትምጣ ያለችውን። ሙቀቱ እየበረታ ነበር፤ ከሁለቱ ግን ተነሺ እንግባ ለማለት ልብ ያገኘች አልነበረችም።